በሬው ለጊዜው ይቆይ

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ አካባቢ ነኝ። ዘንድሮ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፍሬሽማን ነኝ። የራሴ ኮምፒውተር ኖሮኝ አያውቅም፣ ማውስ በደንብ የጨበጥኩትም እዚህ መጥቼ ነው። ዶርም ውስጥ ካለነው ስድስት ልጆች ሦስቱ ላፕቶፕ አላቸው። ይህን ለአባቴ ብነግረው አንዱን በሬ ሸጬ እገዛልሻለሁ አለኝ። አዲስ አበባ ያለው የአጎቴ ልጅ ኮር አይ ሰቨን ካልሆነ እንዳትገዢ ይላል። የዶርም ጓደኛዬ ማክቡክ ነው የሚያዋጣው ትላለች። ከተማ አንድ ሱቅ ገብቼ ብጠይቅ ደግሞ የጌም ኮምፒውተር አሳየኝ። ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ በሚባለው ኮርስ ስለ ኤአይ፣ ስለ ብሎክቼይን ሲወራ ሁሉም አውቆት እኔ ብቻ የቀረሁ ይመስለኛል። ምን ልግዛ? እንዴትስ ልድረስባቸው? ግራ የገባት፣ ከደብረ ብርሃን።»

የኔ እህት፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ስለ ኮምፒውተሩ ነበር ያነበብኩት፣ በሁለተኛው ግን ዓይኔ በሬው ላይ ቀረ። ገበሬ ቤት ያደገ ሰው ያውቀዋል፣ ጥማድ ማለት ሁለት ነው። አንዱ ከተሸጠ ሌላው ብቻውን አያርስም። አባትሽ መቀናጆ ሊፈልጉ ነው፣ የመቀናጆን ነገር ደግሞ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፣ መሬቱ ለእርሻ ልክ በሆነባት ሳምንት ሁሉም ወደ ራሱ ማሳ ነው የሚሮጠው። ስለዚህ በሬው አሁን አይሸጥ። ላፕቶፕ አያስፈልግሽም እያልኩ አይደለም። ያስፈልግሻል። ግን ዛሬ አይደለም።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ፍሬሽማን ላይ የምትማሪው ሁሉም የሚማረውን ነው። ሳይኮሎጂው፣ ሎጂኩ፣ እንግሊዝኛው፣ ሒሳቡ፣ ያ ያስጨነቀሽ ኢመርጂንግም ጭምር። ለእነዚህ ደብተርና ስልክ ይበቃል። ሞጁሉ በፒዲኤፍ ቴሌግራም ላይ ይዞራል፣ አሳይመንት ሲመጣ ላብ ገብተሽ ትጽፊያለሽ፣ ላቡ ከሞላ ኮፒ ቤት አይጠፋም። ኮምፒውተር የግድ የሚሆነው ዲፓርትመንት ከያዝሽ በኋላ ነው። ምን ዓይነት ዕቃ እንደምትገዢ የሚወስነውም የአጎትሽ ልጅ ሳይሆን ዲፓርትመንትሽ ነው።

አካውንቲንግ ከደረሰሽ ኤክሴልና ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም ነው የምትነካኪው፣ ለዚያ መካከለኛ ላፕቶፕ ሞልቶ ይተርፋል። ሕግ ወይም ነርሲንግ ከሆነ ደግሞ ወርድ፣ ፓወርፖይንትና የፒዲኤፍ ክምር ነው፣ በቃ። ስታትስቲክስ ከገባሽ ኤስፒኤስኤስ የሚባል የዳታ መተንተኛ ይመጣል፣ እሱም ያን ያህል አይከብድም። ሶፍትዌር ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንድሮይድ ስቱዲዮ የሚባለውን የስልክ አፕ መሥሪያ የሠሩት ሰዎች ራሳቸው 8 ጊጋ ራም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የያዘውን ሥራ ለጊዜው የሚያኖርበት ቦታ፣ ዝቅተኛው ነው፣ ኮምፒውተር ላይ ስልክ የሚያስመስለውን ኢሙሌተር ጨምሮ ለመሥራት 16 ያስፈልጋል ይላሉ። ሲቪል ምሕንድስና አውቶካድና ኢታብስ የሚባሉ የንድፍና የሕንፃ ስሌት ፕሮግራሞች ይዞ ይመጣል፣ እነሱም ራም ይበላሉ፣ ስክሪኑም ሰፋ ቢል ይሻላል። እስካሁን የትኛው እንደሚደርስሽ አታውቂም። ታዲያ ለማን ሥራ ነው የምትገዢው?

እዚህ ከተማ ኮምፒውተር ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል። አንድ ልጅ ገና ግቢ ሳይገባ ቤተሰቡ ተጋግዞ የጌም ላፕቶፕ ገዛለት። ትልቅ፣ ኪቦርዱ በቀይ መብራት የሚበራ። ልጁ ሕግ ተማረ። ያን ድንጋይ የሚያህል ነገር ከዶርም ክላስ፣ ከክላስ ላይብረሪ እየተሸከመ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ባትሪው ያልቅበታል፣ ከዚያ ላይብረሪ ውስጥ ሶኬት ያለበትን ወንበር ፍለጋ ነው። በመጨረሻ ሸጦ ቀለል ያለ ገዛ፣ በስንት ኪሳራ። ያ ባለ ሱቅ የጌም ኮምፒውተር ያሳየሽ ላንቺ አስቦ አይመስለኝም። የቆመበት ዕቃ እሱ ስለሆነ ነው።

ማክቡክን አልንቅም። ጥሩ ዕቃ ነው፣ ባትሪውም ይቆያል። ግን ፒችትሪም፣ ኢታብስም፣ ጂአይኤስ፣ ማለትም በኮምፒውተር የካርታ ሥራ፣ የሚማሩት የሚጠቀሙበት አርክጂአይኤስም የተሠሩት ለዊንዶውስ ነው። ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ በኋላ ልጨምር ብትይ አይሆንም፣ ሲበላሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይዘሽው አዲስ አበባ መውረድሽ ነው። ከውጭ ዘመድ ክሮምቡክ፣ በዊንዶውስ ፈንታ የጎግል ሲስተም ያለውን ላፕቶፕ፣ ልላክልሽ ካለም አመስግነሽ ዊንዶውስ ያለው እንዲሆን ለምኚ። ክሮምቡክ ላይ እነዚህ ፕሮግራሞች አይጫኑም።

አሁን ወደ ኮር አይ ሰቨኑ እንምጣ። ይህ የፕሮሰሰር ስም ነው፣ ፕሮሰሰር ደግሞ የኮምፒውተሩ አእምሮ በይው። እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ላውራሽ።

የመጀመሪያ ላፕቶፔን በ2006 ዓ.ም. ነው የገዛሁት፣ አዲስ አበባ ወርጄ። ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ ላፕቶፑን ከፍቶ የሙዚቃ ክሊፕ ለቀቀልኝ። ስክሪኑ ያበራል፣ ድምፁ ሱቁን ሞልቶታል፣ ከኪቦርዱ ሥር ኮር አይ ሰቨን የሚል ሰማያዊ ስቲከር ተለጥፏል። ሌላ ምንም አላየሁም። ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁና ያን ዕቃ ደረቴ ላይ አቅፌ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ቤት ገብቼ ቻርጀሩን ስነቅለው በ12 ደቂቃ ድርግም አለ። ሃርድ ዲስኩ ውስጡ ሰዓት ያለ ይመስል ቀጭ ቀጭ ይላል። ከዚያ ስቲከሩን ትቼ ዊንዶውሱ ራሱ የሚለውን ብመለከት ኮር አይ ስሪ ነው። ስቲከሩ ከሌላ ኮምፒውተር ተልጦ የተለጠፈ ነበር። በማግስቱ ተመልሼ ስሄድ ልጁ ምን አለኝ መሰለሽ? «ወንድሜ፣ ከበር ከወጣ አንመልስም፣ ግድግዳው ላይ ተጽፏል።» እውነትም ተጽፏል። እኔ ነኝ ያላነበብኩት።

ስቲከሩ እውነተኛ ቢሆንም እንኳ አይ ሰቨን የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ቁም ነገሩ ያለው ከሰረዙ በኋላ ባለው ቁጥር ነው። ቁጥሩ በ8 ከጀመረ 8ኛ ጀነሬሽን፣ 8ኛ ትውልድ ነው፣ 10፣ 11 ወይም 12 ብሎ ከጀመረም እንደዚያው ነው የሚነበበው። አይ ሰቨን 4600ዩ የሚባለው 4ኛ ጀነሬሽን ነው፣ ያለው ኮር፣ ማለትም ሥራውን የሚሠራው የፕሮሰሰሩ ክፍል፣ ሁለት ነው። አይ ፋይቭ 8250ዩ ደግሞ 8ኛ ጀነሬሽን ሆኖ አራት ኮር አለው። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢሠሩ አይ ፋይቩ ነው የሚቀድመው። የአጎትሽ ልጅ ክፉ አስቦ አይደለም፣ ትልቁን ቁጥር ነው የያዘው። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው።

8ኛ ጀነሬሽንን ደጋግሜ የማነሳው ያለ ነገር አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚያደርገውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በሕጉ መሠረት የሚጫነው፣ ኢንቴል ከሆነ፣ ከ8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ነው። ከዚያ በታች ያለውን ብልጦች በጎን መንገድ ይጭኑታል፣ እኔም ጭኜ አውቃለሁ፣ ይሠራል። ነገር ግን አራት ዓመት ልትማሪበት የምትገዢውን ዕቃ ከመጀመሪያው በጎን መንገድ ባታስጀምሪው ደስ ይለኛል። ገበያ ላይ 6ኛና 7ኛ ጀነሬሽን ርካሽ ሆኖ የሚታይሽም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ስለዚህ ልጨቅጭቅሽ። ያገለገለ ግዢ፣ ከአዲስ ርካሹ ያገለገለ ደህናው ይሻላል። አዲስ ተብለው በትንሽ ብር የሚሸጡት ላፕቶፖች ብዙዎቹ ሴሌሮን የሚባል ደካማ ፕሮሰሰር ያላቸው ናቸው፣ ፕላስቲኩ ያብረቀርቃል፣ ሁለት ነገር ስትከፍቺበት ግን ይንቀራፈፋል። ያገለገሉት ኤችፒ ኤሊትቡክ፣ ዴል ላቲቲዩድና ሌኖቮ ቲንክፓድ ግን መጀመሪያውኑ ለመሥሪያ ቤት ተብለው የተሠሩ ናቸው፣ ጠንካራ ናቸው፣ መለዋወጫም ይገኝላቸዋል። ስም ጥሪ ካልሽኝ ኤሊትቡክ 840 ጂ5፣ ላቲቲዩድ 7490 እና ቲንክፓድ ቲ480 እላለሁ። ሦስቱም በአብዛኛው 8ኛ ጀነሬሽን ናቸው፣ ሦስቱም ላይ ራም መጨመር ይቻላል። ለእንደኛ አገር መብራት ቲ480ን አደላለታለሁ። ሁለት ባትሪ ነው ያለው፣ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ከኋላ የሚነቀል። የኋላው ሲያልቅ ኮምፒውተሩን ሳታጠፊ ነቅለሽ ሌላ ትሰኪበታለሽ። መብራት ሄዶ አሳይመንት ነገ ጠዋት በሚባልበት ሌሊት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ትነግሪኛለሽ።

ራም 8 ጊጋ ይሁን፣ ዲፓርትመንትሽ ከባዱ ከሆነ በኋላ ወደ 16 ታሳድጊዋለሽ። ማስቀመጫው ግን ኤስኤስዲ ይሁን፣ 256 ጊጋ ይበቃል። «500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ አለው» ብሎ የሚያማልል ይኖራል፣ አትስሚው። በተለይ አንቺ አትስሚው፣ የመንዝ ልጅ ነሽና። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ፣ የሚያነበው ጫፍ ደግሞ ሳህኑን ሳይነካ በቀጭን የአየር ትራስ ላይ ተንሳፎ ነው የሚሄደው። አየሩ ሲሳሳ ትራሱም ይሳሳል። ለዚህ ነው ፋብሪካዎቹ ብዙውን ጊዜ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ወሰን የሚያበጁለት። መሐል ሜዳ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው። ያንን ኮምፒውተር ለእረፍት ይዘሽ ስትሄጂ ወዲያው ይበላሻል ማለቴ አይደለም፣ ግን ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ ጓሳ አናት ላይ ብትወጪበትም ግድ የለውም። ቢወድቅም የተሻለ ይቋቋማል። ፍጥነቱ ደግሞ ሌላ ነው፣ በሃርድ ዲስክ እስኪነሳ ቡና የሚፈላበት ኮምፒውተር ኤስኤስዲ ሲገባለት በግማሽ ደቂቃ ይነሳል።

ሱቅ ስትገቢ ብቻሽን አትግቢ፣ ቸኩለሽም አትግቢ። ሙዚቃ ሲከፍቱልሽ አጥፉልኝ በይ። መጀመሪያ ቻርጀሩን አስነቅይና በባትሪ ብቻ ይቆይ፣ ሌላውን ሁሉ የምታይው ባትሪው እየሠራ ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ስትጫኚ ታስክ ማናጀር የሚባለው ይከፈታል፣ እዚያ ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚለው ጋ ፕሮሰሰሩን ከነቁጥሩ፣ ራሙን፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ መሆን አለመሆኑን ራሱ ኮምፒውተሩ ይነግርሻል። ስቲከር ሊዋሽ ይችላል። ከዚያ ኖትፓድ ከፍተሽ ኪቦርዱን አንድ በአንድ ንኪው፣ ከኪው እስከ ኤም። አንዷ ፊደል ካልወጣች ዋጋ ማስቀነሻ ናት፣ ወይ ደግሞ መውጫሽ። ነጭ ገጽ ክፈቺና ስክሪኑ ላይ ጥቁር ነጥብ ወይም ጥላ እንዳለ እይ። የራስሽን ፍላሽ ይዘሽ ሂጂና በሁሉም ቀዳዳ ሞክሪው። የስልክሽን ሆትስፖት ክፈቺና ዋይፋዩን አገናኚው። ካሜራውን ክፈቺ፣ ማጠፊያውን ክፈት ዝጋ አድርጊው፣ የሚንጫጫ ወይም የላላ ከሆነ ስክሪኑ ነገ ሊነቀል ነው።

ባትሪውን በተመለከተ ሻጩን «ባትሪ ሪፖርት አውጣልኝ» በይው። ዊንዶውስ ራሱ ያወጣዋል፣ ደቂቃ አይፈጅም። ዲዛይን ካፓሲቲ የሚለው ሲሠራ የነበረው አቅም ነው፣ ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ የሚለው ዛሬ የቀረው ነው። የመጀመሪያው 50 ሺህ ብሎ ሁለተኛው 25 ሺህ ካለ ባትሪው ግማሹን ጨርሷል ማለት ነው። ያገለገለ ስለሆነ አዲስ አይሆንም፣ ግን ዋጋ ስትከራከሪ ቁጥር ይዘሽ ተከራከሪ።

አንድ ሰዎች የሚረሱት ነገር አለ። ኮምፒውተሩን አጥፍተሽ አስነሺና ባዮስ ውስጥ፣ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ያለው የኮምፒውተሩ ሴቲንግ ውስጥ፣ ግቢ፣ ኤችፒ ላይ በኤፍ10፣ ዴል ላይ በኤፍ2፣ ቲንክፓድ ላይ በኤፍ1 ነው። የይለፍ ቃል ከጠየቀሽ የድሮው መሥሪያ ቤት የቆለፈበት ነው፣ ወይም የመጣበት መንገድ ጥሩ አይደለም። ተዪው። «ችግር የለም፣ አያስፈልግሽም» ይሉሻል። አንድ ቀን ዊንዶውስ ልጫን ስትይ ያስፈልግሻል።

አዲስ አበባ፣ መገናኛ ወይም መርካቶ፣ ምርጫው ይበዛል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ደብረ ብርሃን ትንሽ ይወደዳል። እኔ ግን እዚሁ የሚታወቅ ሱቅ ካገኘሽ ከዚሁ ግዢ እላለሁ። 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘሽ የገዛሽው ዕቃ በሳምንቱ ቢበላሽ ትራንስፖርቱና የቀረሽው ክላስ ሲደመር ያተረፍሽው ይበላል። ደረሰኝ ላይ የኮምፒውተሩን ሲሪያል ቁጥርና የዋስትናውን ቀን አስጽፊ። ቴሌግራም ላይ «ቀብድ ላኪና እናደርስልሻለን» ለሚል ሰው አንዲት ብር በቴሌብር እንዳትልኪ። ዕቃውን በእጅሽ ይዘሽ፣ ከፈተሽሽው በኋላ ነው ብር የሚከፈለው።

ደግሞ የአጎትሽ ልጅ «እኔ በዚህ ዋጋ ገዝቼ ነበር» ቢልሽ መቼ እንደገዛ ጠይቂው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ከሆነ፣ ብር በገበያ መመንዘር ከመጀመሩ በፊት ማለት ነው፣ ያ ዋጋ ታሪክ ነው።

አያያዙን በአጭሩ ልበልሽና ልለፈው። የደብረ ብርሃን ብርድ ያው ነው፣ ተማሪው ሁሉ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ያደርጋል። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ከተማ አይደል! ግን ብርድ ልብሱ ከሥር ያለውን የአየር መሳቢያ ይደፍነዋል፣ ሱፉ ፋኑ ውስጥ ይገባል፣ ኮምፒውተሩ ይግላል። እኔ ጋ ከሚመጡት ውስጥ ስንቱን ፋን በጥርስ ብሩሽ የሱፍ ጉንጉን አውጥቼበታለሁ። ከሥሩ አንድ ጠንካራ ደብተር ወይም ጣውላ አድርጊ፣ በቃ። ከጣርማ በር ጉም ወጥተሽ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ከገባሽ ደግሞ ወዲያው አትክፈቺው። ቀዝቃዛ ዕቃ ሙቅና እርጥብ አየር ሲያገኘው ላብ ያወጣል፣ ውስጡም ጭምር። ግማሽ ሰዓት ከነቦርሳው ይቀመጥ። ፍላሽሽን ኮፒ ቤት ሰክተሽ ፋይሉ ሁሉ ጠፍቶ ሾርትከት ብቻ ካየሽም አታልቅሺ፣ ብዙውን ጊዜ ተደብቆ ነው እንጂ አልጠፋም፣ ፎርማት ሳታደርጊ ለሚያውቅ ሰው አሳዪው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ጽሑፍሽን ጎግል ድራይቭ ላይም ማስቀመጥ ነው፣ 15 ጊጋ በነጻ ይሰጡሻል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ፣ እንዴት ልድረስባቸው ወዳልሽው። እውነቱን ልንገርሽ? የዶርም ልጆችሽ ቃሉን ነው የሚያውቁት። ብሎክቼይን ምንድነው ብለሽ አንዷን ብታፋጥጫት «ቢትኮይን» ትልሽና ወሬ ትቀይራለች። በኢመርጂንግ ኮርስ የሚወራው ሁሉ መግቢያ ነው፣ ስሙን እንድትሰሚ ነው። ማንም በአንድ ሴሚስተር አልጨረሰውም። እኔም ስንት ዓመት ከዚህ ሥራ ጋር ቆይቼ አልጨረስኩትም።

ደግሞ ቴክኖሎጂ እንደሚወራው ሁሉ አይሮጥም። ያ ፒችትሪ የምንለው ፕሮግራም ስሙ ተቀይሮ ሴጅ 50 ከተባለ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፣ እዚህ አገር የሥራ ማስታወቂያው ግን ዛሬም «ፒችትሪ የምትችል» ነው የሚለው። ኤክሴልን ብትይ እኔ ሳልወለድም ባይሆን ልጅ ሳለሁ የወጣ ነው፣ ዛሬም ባንኩም፣ ጤና ጣቢያውም፣ ቀበሌውም በሱ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ከሚሮጠው ኋላ አትሩጪ። የቆመውን ቀድመሽ ያዢ።

ከጣትሽ ጀምሪ። አሥሩንም ጣት ተጠቅሞ ሳያዩ መጻፍ ተለማመጂ፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ላብ ውስጥ። በሁለት ጣት እየለቀምሽ የምትጽፊ ከሆነ ግማሹ ሐሳብሽ ፊደል ፍለጋ ላይ ያልቃል። ደግሞ አስቢው፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናው ራሱ በኮምፒውተር ነው። አራት ዓመት ለፍቶ የመጣ ተማሪ ማውሱ እየተንሸራተተበት መልሱን የተሳሳተ ቦታ ሲጫን አይቻለሁ፣ ትምህርቱን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ላፕቶፕ ሳይኖርሽ ይህን ዛሬ መጀመር ትችያለሽ።

አማርኛ አጻጻፍንም በዩኒኮድ፣ ሁሉም ኮምፒውተርና ስልክ በሚያውቀው የፊደል አሠራር፣ ልመጂ። ብዙ ኮፒ ቤት እስከ ዛሬ በድሮው ፓወር ግዕዝ ፎንት ይጽፋል፣ ከዚያ ፋይሉን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቺው ፊደሉ ሁሉ የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ይሆናል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ዊንዶውስ ውስጥ የአማርኛ ኪቦርድ ተዘጋጅቶ አለ፣ ከሴቲንግ ታበሪዋለሽ። በሱ የጻፍሽው ስልክ ላይም፣ ቴሌግራም ላይም፣ የትም ብትልኪው ሳይበላሽ ይነበባል።

ከዚያ ኤክሴል። ዝም ብለሽ ቪዲዮ አትይበት፣ ሥራ ስጪው። የአባትሽን የዓመት ገቢና ወጪ ጻፊበት፣ በግ ስንት ተሸጠ፣ ማዳበሪያ ስንት ወጣ፣ ድምሩን እሱ ይሥራልሽ። አንድ ጊዜ የራስሽ ነገር ላይ ሲሠራልሽ ካየሽ አይረሳሽም። ለኮዲንግ ፍላጎት ካለሽ የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና አለ፣ በኢንተርኔት ነው፣ በነጻ ነው፣ ስትጨርሺ ሰርተፊኬት ይሰጣል። ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስ፣ አንድሮይድና ኤአይ አለው። አራቱንም አትመዝገቢ። አንዱን ጀምሪና ጨርሺ፣ የጀመረ ብዙ ነው፣ የጨረሰ ጥቂት ነው። ቪዲዮውን በሌሊት ጥቅል አውርደሽ ቀን ላይ ማየት ይቻላል፣ ዳታሽን ቀን አትጨርሺው።

ስለ ኤአይ፣ ማለትም ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ደግሞ፣ አትፍሪው፣ ተጠቀሚበት፣ ግን የሚለውን ሁሉ እውነት ነው ብለሽ አትቀበዪው። ባለፈው አንድ ተማሪ አሳይመንት ሊያሳትም መጣ። መጨረሻ ላይ ስድስት መጽሐፍ ጠቅሷል፣ ከነደራሲው፣ ከነዓመቱ፣ ሲያዩት ያምራል። በሳምንቱ ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ። መምህሩ «ይህን ሁለተኛውን መጽሐፍ አምጣልኝ፣ ፈልጌው ነበር» ብለውታል። መጽሐፉ የለም። ማንም አልጻፈውም። ቻትጂፒቲ ነው የፈጠረው። ልጁ ኮፒ ከማድረጉ በፊት አንዱን እንኳ ፈልጎ አላየም። ያልገባሽን ነገር አስረዳኝ በይው፣ እንደ አሥረኛ ክፍል ተማሪ አስረዳኝ በይው፣ ጥያቄ አውጣልኝ በይው፣ በዚህ ጎበዝ ነው። በእንግሊዝኛ ስትጠይቂው ከአማርኛው የተሻለ ይመልሳል፣ ያ ደግሞ በጎን እንግሊዝኛሽን ያሠራሻል። መልሱን ግን ከሞጁሉ ጋር አስተያዪ።

ለአባትሽ ምን እንደምትያቸው እያሰብሽ እንደሆነ ገምቻለሁ። አባት አንዴ እሸጣለሁ ካለ ማስቆም ይከብዳል፣ ልጄ ከሰው አንሳብኝ ነው የሚሆነው። ስለዚህ «አልፈልግም» አትበያቸው። «ዲፓርትመንት ስይዝ ነው የሚገዛው፣ ያኔ የትኛው እንደሚሆን ይነገረናል» በያቸው። እውነትም ነው። እስከዚያ አዝመራው ይገባል፣ በጎቹም ለበዓል ገበያ ይደርሳሉ፣ የበዓል በግ ዋጋ ደግሞ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። ምናልባት በሬው ጨርሶ ሳይነካ ሊሆን ይችላል።

ዲፓርትመንት ሲወጣልሽ መልሰሽ ጻፊልኝ። ሱቅ ገብተሽ ያየሽውን ላፕቶፕ ታስክ ማናጀሩን ከፍተሽ በስልክሽ ፎቶ አንሺውና ከደብዳቤው ጋር ላኪልኝ፣ ቁጥሩ በደንብ ይታይ። ብር ሳትከፍዪ፣ እሺ?